የሁለት ዓመቷ ምስክር

ልቅናሽ አይቸው የሁለት ዓመት ከሦስት ወር ልጅ ሳለች ያየችውን አስታውሳለሁ ትላለች። የምትለውም ለሰማት ሁሉ ነው። በኢየሩሳሌሙ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ የቅመምና የለውዝ ሱቅ ውስጥ ስለምትሠራ፣ ሁለት መቶ ግራም ከሙን ሊገዛ የመጣ ሰው ከሙኑ ተመዝኖ እስኪታሰርለት ድረስ ታሪኩን ሰምቶ ይሄዳል።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ክብ ቤት አለ፤ እንደ ተራራ የገዘፈ፣ አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ። ቢጫ የለበሰ ሰውዬ አለ፤ ጎንበስ ብሎ ዳቦ ይሰጣታል። እናቷ የቤቱን ግድግዳ እየሳመች ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች። ከዚያ ሩጫ ይሆናል፤ እሷ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ አስፋልቱ ወደ ላይ ወደ ታች ይዘላል። መጨረሻው ሰማያዊ ውኃ ነው። የእናቷ ጣቶች አፍንጫዋን ቆንጠጥ ያደርጉና ጥልቅ ትላለች፤ ብቅ ትላለች፤ ደግሞ ጥልቅ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ቤተሰቡ የሚያውቀው ውኃውን ብቻ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተው፣ ከሌሎች የጎንደር ቤተ እስራኤል ጋር ኢየሩሳሌም መሃል አንድ ሆቴል ውስጥ አርፈው ሳለ፣ በገቡ በአሥረኛው ቀን እናትየዋ ባንቺአየሁ ልጇን እንዳዘለች የሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ወደቀች። ይህ የታወቀ ነው። በየሠርጉ ይተረካል። የልቅናሽ ታላቅ ወንድም ዘሩ በተለይ የገንዳውን ጠባቂ መስሎ መጫወት ይችልበታል፤ ጠባቂው ከነጫማው ዘሎ እንደገባ፣ ባንቺአየሁን ደጋግሞ እንደያዛት፣ በመጨረሻም በምስጋና ፈንታ ጥፊ እንደቀመሰ ሲያሳይ ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይይዛሉ።

ልቅናሽ ግን እዚህ ላይ ሁልጊዜ ጣልቃ ትገባለች።

«አልወደቅንም። ገባን እንጂ።»

«የሁለት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች?» ትላለች ባንቺአየሁ፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

«ሁለት ዓመት ከሦስት ወር። ደግሞ ከክቡ ቤት ሮጠን ነው የመጣነው።»

«ክብ ቤት የሚባል የለም። ሕልም ነው።»

«ተያት እማ» ይላል ዘሩ፣ «ነገ ደግሞ ሆድሽ ውስጥ ሳለች ምን ምን እንደበላሽ ትነግርሻለች።»

እንዲህ እየተሳቀባት ሃያ ዓመት ሞላት። ሳቁ አይደለም የሚከነክናት፤ ሳቅ ትወዳለች። የሚከነክናት ሌላ ነው። ያ ክብ ቤት ከሌለ፣ ስለ ራስዋ ከሁሉ አጥብቃ የምታምነው ነገር ባዶ ነው ማለት ነው። ትናንት የቆለፈችው የሱቅ በር እንኳ መቆለፉን በምን ታውቃለች? እናቷ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ «አዎ፣ ነበረ» እንድትላት ትፈልጋለች።

በፈረንጆች 2009 የጸደይ ወራት፣ ሚካል የምትባል አንዲት ደምበኛ ሱማቅ የሚባለውን ቀይ ቅመም ልትገዛ መጣች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ቦርሳዋ ሁልጊዜ ተከፍቶ የሚውል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት፤ ሃር ሃጾፊም የሚባለው ኮረብታ ላይ ያለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕፃናትን ትዝታ ታጠናለች። ይህን ግን ለልቅናሽ አልነገረቻትም ነበር፤ ልቅናሽ ደግሞ እንደ ልማዷ ክቡን ቤት ከሱማቁ ጋር ጠቅልላ ሰጠቻት።

ሚካል ሱማቋን ረሳች። «ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ሁለት ከሦስት ወር።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

«መታወቂያዬ ላይ የተጻፈው የቢሮው ጸሐፊ የሰጠኝ ቀን ነው፤ እሱን ተይው። የተወለድሁት በየካቲት፣ በአስቴር ጾም ሰሞን ነው። እናቴ ጾሙን ስታስር ነው ምጥ የያዛት። አገር የገባነው በሁለት ዓመቱ በግንቦት ነው። ቍጠሪው።»

ሚካል በጣቶቿ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤ ከዚያ አንድ በርሜል ላይ ተቀምጣ ማስረዳት ጀመረች፤ ልቅናሽም ደምበኛ ሁሉ እየጠበቀ ሰማቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ትዝታው ከሦስት ዓመት ወዲህ ያለ ነው። ከዚያ በፊት ልጅ አያስተውልም ማለት ግን አይደለም። የሁለት ዓመት ልጅ ትናንት የተደበቀበትን ብስኩት ዛሬ ሄዶ ያወጣል። ያስተውላል፣ ያስቀምጣልም፤ ችግሩ በኋላ ማግኘቱ ላይ ነው። «ይህን ግድግዳ ተመልከቺ» አለች ሚካል፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩትን የቅመም መሳቢያዎች እያሳየች። «ስም ባይጻፍባቸው ኖሮ ከሙኑን ታገኚዋለሽ?»

«እኔ አዎ። የባለ ሱቁ ወንድም ግን ባለፈው እርድ በከሙን ፈንታ ሸጧል።»

«እንግዲያው ልጅ ማለት መሳቢያውን ሞልቶ ስም ሳይጽፍበት የሚያድግ ነው። ስም መጻፍ የሚጀምረው ቋንቋ ሲይዝ ነው። አድጎ በስም ሲፈልግ ስም የሌለውን መሳቢያ አያገኘውም። አንዳንዱ ልጅ ግን አንድ ሁለቱን መሳቢያ ቀደም ብሎ ስም ይሰጠዋል። ለምን? አንዱ ምክንያት የአገር ለውጥ ነው፤ ቤት፣ ቋንቋ፣ ምግብ በአንድ ቀን ሲለወጥበት 'ይህ ከዚያ በፊት፣ ያ ከዚያ ወዲህ' ብሎ ይከፍላል። ሌላው ምክንያት የትልልቆች ወሬ ነው። እናቱ 'ትናንት የት ሄድን? ማንን አየን?' እያለች የምታወራው ልጅ ረጅም ትዝታ ይኖረዋል።»

«የኔ እናት እንኳን ልታወራኝ፣ የለም ነው የምትለኝ።»

«እሱ ነው የገረመኝ» አለች ሚካል፤ በእውነትም ደስ ብሏት ነበር። «እንግዲያው ማን ስም ጻፈበት?»

በማግስቱ ልቅናሽ ከሥራ ስትወጣ ድምፅ መቅጃ ፊት ተቀምጣ የምታስታውሰውን ሁሉ ተናገረች። ሚካልም ቴፑ ላይ ቀን ጻፈችበት። ከዚያ ሦስት ወንፊት አወጣች። የመጀመሪያው፦ ፎቶ አይታ ይሆን? ፎቶ የለም። ሁለተኛው፦ ሰው ነግሯት ይሆን? ገንዳውን አዎ፣ ክቡን ቤት ግን ማንም አልነገራትም። ሦስተኛው፦ አድጋ ያየችውን ወደ ኋላ ወስዳ ይሆን? ልቅናሽ ያደገችው ኪርያት ጋት የምትባል ሌላ ከተማ ነው፤ ኢየሩሳሌም፣ ጊሎ ሰፈር ከገቡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ክብ ቤት አላየችም።

አንድ ነገር ግን በዚህ ጊዜ ትዝ አላት። ከገበያ ወጥተው በእግር ሲሄዱ እናቷ የነቢያት የሚባለውን መንገድ አትወድም። ዳገት ነው ትላለች። ዳገት አይደለም። ነፋስ አለው ትላለች። እናቷን ከዚያ መንገድ የሚያዞራት ነፋስ ቢኖር ኖሮ በራድዮ ይነገር ነበር።

የሚካል ምክር «ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ምንም እንዳታዪ» የሚል ነበር። ልቅናሽ ለአንድ ሙሉ ቀን ታገሠች። በሁለተኛው ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ የነቢያትን መንገድ አቋርጣ ግራና ቀኙ በድንጋይ ግንብ የታጠረ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገባች። የመንገዱ ስም ሰሌዳው ላይ ኢትዮጵያ ይላል። አንድ በር ላይ የድንጋይ አንበሳ አለ፤ በሩን ስታልፍ ጥዶች አሉ፤ ቀና ስትል ክቡ ቤት፣ ጥቁር ቆቡን ደፍቶ፣ ቆሟል።

ይሁን እንጂ ከምታስታውሰው አንሶ ታያት። ልቅናሽ ቆም ብላ አሰበችበት። ያኔ ቁመቷ ከእናቷ ጉልበት ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ስለዚህ ቍጢጥ አለችና በዚያው እንደ ዳክዬ እየተራመደች ግቢውን መዞር ጀመረች፤ ከታች ስታየው ቤቱ አደገ፣ አደገና ተራራ አከለ። ሳቋ አፈናት።

አንድ ጢማቸው ነጭ የሆነ መነኩሴ ባልዲ ይዘው ቆመው ሲያይዋት ኖረዋል። «ምን ጠፋብሽ ልጄ?»

«ትዝታ ነው አባ።»

«በብዛት እዚህ የሚጠፋው የፀሐይ መነጽር ነው» አሉ፤ አባ እንግዳ ይባላሉ። «ትዝታሽ ምን ይመስላል?»

ነገረቻቸው። ባልዲውን አስቀምጠው ሰሙ። በ1991 ግን እሳቸው ገና እዚህ አልመጡም ነበር፤ በዚያ ዘመን የነበሩት ወይ ዐርፈዋል፣ ወይ ወደ ሌላ ገዳም ሄደዋል።

«ክብ ቤቱን አገኘሁ አልሽ፤ ደግ። እዚህ መግባትሽን ግን የምትመሰክርልሽ ያዘለችሽ ብቻ ናት» አሉና ባልዲያቸውን አነሡ።

ልቅናሽ ወደ ሱቋ ስትመለስ ደስታ እግሯን አላስረግጥ ብሏት፣ ለአንዲት ሽማግሌ በዝንጅብል ፈንታ ካሞሜል መዝና ሰጠች። ሚካል ግን ይህን ስትሰማ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«አበላሸሽው። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ቤት የምትናገሪው ሁሉ የዛሬው ነው። ደግነቱ ቴፑ አስቀድሞ ተቀድቷል። ቤቱ መኖሩ ደግሞ እዚያ ነበርሽ ማለት አይደለም፤ ቴሌቪዥን ላይ አይተሽው ይሆናል። ምስክር ያስፈልጋል።»

ምስክሯም መጣች። ባንቺአየሁ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ ሕልሟን እያስቀዳች ነው የሚል ወሬ ከዘሩ ሰማችና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ «እኔው ራሴ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» ብላ ከጊሎ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ልጅ እናቷን እንድትጠይቅ አይፈቀድም፤ ጠያቂው ሳያውቀው መልሱን ሊያቀብል ይችላል። ስለዚህ ማሩ የሚባል የሚካል ተማሪ ጠያቂ ሆኖ ተመደበ፤ አማርኛ የማታውቀው ሚካል ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ማሩ የተወለደው እዚሁ ነው፤ አማርኛው ከእናቱ ማድ ቤት አልፎ አያውቅም። ልቅናሽ ኮሪደሩ ላይ እንድትቀመጥ ተደረገ። በሩ ግን ስስ ነበር፤ ጆሮዋንም ለጠፈችበት።

«ሻሎም፣ እማማ ባንቺአየሁ» አለ ማሩ። «ያ ቀን... ምን ሆንሽ?»

«ሆንሽ?»

«ስሊኻ፣ ይቅርታ፣ ማለቴ... ምን ሆኑ?»

«እናትህ ማን ትባላለች?»

«ሸዋነሽ።»

«የጋይንቷ ሸዋነሽ? አውቃታለሁ። እንዴት እንዳሳደገችህ እነግራታለሁ። ቀጥል።»

«ያን ቀን ምን ሆነ? ከመጀመሪያ።»

«ገንዳ ውስጥ ወደቅሁ። አለቀ።»

ሚካል ለማሩ የሰጠችው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፦ ሰው ዝም ሲል ዝም በል። ማሩ ያን የሚያህል አማርኛ አያጣም። ዝም አለ። ባንቺአየሁ ወንበሯን ስታንቋቋ ተሰማ።

«ልጅቷ ምን አለች?»

«አይነገርም።»

«ይኼ ቴፕ ለኛ ቄሶች ጆሮ ይደርሳል?»

«አይደርስም። ስም የለውም። ቁጥር ነዎት።»

«ቁጥሬ ስንት ነው?»

«አርባ አንድ።»

«እንግዲያው አርባ አንድ ትናገር» አለች ባንቺአየሁ፤ ከዚያም አሥራ ስምንት ዓመት የታቆረው ግድብ ተነደለ።

«ኢየሩሳሌም ገባችሁ አሉን። እሺ፣ ገባን። ታዲያ ቤተ መቅደሱ የት አለ? በየቀኑ ማድሪኻዋን፣ ያችን አስተማሪያችንን፣ እጠይቃታለሁ። 'ነገ' ትለኛለች፤ ነገ ስትመጣ ጥርስ መቦረሽ ታስተምረናለች። ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። ሰው ኢየሩሳሌም ገብቶ ሆቴል ይቀመጣል? በአሥረኛው ቀን ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ባሌ መታወቂያ ሊያወጣ ሰልፍ ላይ ነው፤ ዘሩ ትምህርት ላይ ነው። ሄድሁ፣ ሄድሁ። አንድ ጠባብ መንገድ ስገባ አማርኛ ሰማሁ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች አየሁ፤ ተከተልኋቸው። ቀና ስል ክብ ቤት። የኛ መስጊድ፣ የጸሎት ቤታችን፣ ክብ አልነበረም? ይኼ ግን የኛን መስጊድ መቶውን ይውጣል። ምን ልበል ታዲያ? ቤተ መቅደሱ ነው አልሁ። ፈረሰ የሚሉት ውሸት ነው፣ የኛ ሰዎች ነጠላቸውን ለብሰው ይሰግዱበታል አልሁ።»

«እማማ፣ እሱ እኮ የክርስቲያኖቹ...»

«አሁን ነገርኸኝ? ያኔ የት ነበርህ? ግድግዳውን ሳምሁ። እልል አልሁ። ደግሞ ስማ፣ ዘጠኙን ቀን ሙሉ እንቁላልና ብርቱካን ብቻ እየላጥሁ ነበር የምበላ፤ የሆቴሉን ወጥ ማን እንደነካው አላውቅማ። የበሉትን ሴቶች 'ረከሳችሁ' እያልሁ ሳስለቅሳቸው ነው የከረምሁ። እዚያ ግን አንዲት እማሆይ ቢጫ ለብሳ ዳቦ ስትቆርስልኝ በላሁ። የቤተ መቅደስ ዳቦ ነዋ። ለልጄም ሰጠቻት። ሁለተኛውን ጉርሻ ስውጥ ጣሪያውን አየሁ። መስቀል።»

ኮሪደሩ ላይ ልቅናሽ ሳቋ እንዳይሰማ ነጠላዋን፣ ነጠላ ስላልነበራት ሹራቧን፣ አፏ ውስጥ ጎሰረች።

«ሮጥሁ። ከባዕድ ጋር በልቶ ሳይታጠቡ ሰፈር አይገባም፤ እኔ ነኝ ለሌላው ይህን የማስተምር። ወንዝ ብፈልግ አስፋልት ነው። ከሆቴሉ ጀርባ ያ ገንዳ አለ። ከነልብሴ ገባሁ፤ የልጄን አፍንጫ ይዤ ጠለቅሁ፤ ነጻሁ ብዬ ብቅ ስል ያ ጎረምሳ ከነጫማው ዘሎ ያዘኝ። ባዕድ ያዘኝ ማለት ረከስሁ ማለት ነው። ደግሜ ጠለቅሁ። የሰመጥሁ መሰለው፤ ደግሞ ያዘኝ። 'አትንካኝ' እለዋለሁ፤ 'እሺ እሺ' ይለኛል፣ ደግሞ ይይዘኛል። እሱ ሊያድነኝ፣ እኔ ልነጻ፤ ስንቴ እንደሆነ እንጃ። በመጨረሻ በጥፊ አልሁትና ገለል ሲልልኝ የመጨረሻዋን ጠለቅሁ። ሰው ሲሰበሰብ 'ወደቅሁ' አልሁ። ሌላ ምን ልበል?»

ማሩ እየሳቀ መጠየቂያ ወረቀቱን ጣለ፤ ማንሣቱ ከብዶት ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ጠየቀ። «ልጅቷስ? አልተናገረችም?»

«እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ያን ሰሞን አፏን መፍታቷ ነው፤ ያየችውን ሁሉ ትለፈልፋለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ሳስተኛት በጆሮዋ 'ክቡን ቤት እንዳትናገሪ፣ ቢጫውን እንዳትናገሪ፣ ዳቦውን እንዳትናገሪ፣ ግድግዳ መሳሜን እንዳትናገሪ፣ ውኃውን ወደቅን በይ' እላታለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እስኪገባት ነዋ። አንድ ዓመት ያህል።»

ማሩ ይህን ለሚካል በዕብራይስጥ ሲያስረዳት፣ ሚካል ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ በሩንም ከፍታ ኮሪደሩ ላይ በጆሮዋ ተደግፋ የነበረችውን ልቅናሽን ልትጥላት ደረሰች። የተገኘው ነገር ቀላል ነበር፤ ቀላል በመሆኑ ነው ሚካል መቀመጥ ያቃታት። ልጅ ትዝታው የሚጸናለት ትልቅ ሰው ደጋግሞ ሲያወራው ነው ብላ አልነበር? ባንቺአየሁ ልጇ እንድትረሳ ብላ፣ ገና ቃል በምትለቅምበት ወር፣ ዓመት ሙሉ በየቀኑ፣ አንድ በአንድ፣ በቅደም ተከተል አስጠናቻት። በመሳቢያው ላይ ስሙን የጻፈችው ራሷ ናት። «እንዳትናገሪ» ከሚለው ቃል በቀር አንድም ያስቀረችው የለ።

«ሰውዬው ግን ሴት ነበሩ» አለች ልቅናሽ፣ ትንሽ ቅር ብሏት። «ተሳስቻለሁ።»

«ሸጋ ስህተት ነው» አለች ሚካል። «የእናትሽን አፍ ብቻ ቀድተሽ ቢሆን ኖሮ ሩጫውን ከየት አመጣሽው? አፍንጫሽ መያዙን ከየት አመጣሽው? እነዚህን በጆሮሽ አልነገረችሽም። ከራስሽ ዓይን የመጣ አለ፤ ከእሷ ቃል የመጣ አለ፤ ራስሽ የሰፋሽውም አለ። ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው፤ አንቺ ቀደም ብለሽ ጀመርሽ እንጂ።»

ባንቺአየሁ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆይታ ወጣች። እናትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ ተፋጠጡ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«በዳቦው ያፈርሁ እንዳይመስልሽ። ዳቦው ታጥቧል፤ ያውም ደጋግሞ።» እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌላ ነው ያሳፈረኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በሠርጌም ቢሆን፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍም ቢሆን። ያን የሚያህል ደስታ በስህተት ተደስቼ ለማን ልንገር? ለአባትሽ እንኳ አልነገርሁም።»

«እኔ እኮ አየሁሽ እማ። ስትስቂ።»

«አየሽኝ?»

«ግድግዳው ላይ ጉንጭሽን ለጥፈሽ።»

ባንቺአየሁ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ አየችው፤ ከዚያ ሳቅ ጀመራት። በመጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በትከሻዋ፣ በመጨረሻ በመላ ሰውነቷ ስትስቅ ማሩ ውኃ ይዞ ሮጦ መጣ።

«አዎ» አለች፣ ትንፋሽ ስታገኝ። «ነበረ። ነበርን። ሕልም አይደለም።»

ወደ ጊሎ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልቅናሽ በመስኮት ከተማውን እያየች ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ባንቺአየሁ ግን ከግማሽ መንገድ ወዲህ ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«ልቅናሽ።»

«አቤት።»

«ሌላ ምን ትዝ ይልሻል?»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከዚያ በፊት። አዲስ አበባ፣ ተከራይተን ከነበረው ቤት።»

«ምንም።»

«ምንም?»

«እውነቴን ነው እማ። አንድም ነገር።»

ባንቺአየሁ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አስታውሳለሁ ስትል አላመነቻትም ነበር፤ አሁን አላስታውስም ስትላት ጭራሽ አላመነቻትም።

«አንቺ ተንኮለኛ» አለች። «የጎረቤታችንን የእናናን ዶሮ አይተሻል። ታቅፌሽ ነበር እኮ።» ዞር ብላ የኋላ ወንበር ላይ የሚያውቃት ሰው አለመኖሩን አረጋገጠችና ወደ ልጇ ጠጋ አለች። «ይኸውልሽ፣ ለዚያች ሴትዮ ቴፕ ከምታስቀጂው እኔው ልንገርሽ። ዶሮዋ ራሷ ናት ወደ ቤታችን የገባችው...»